ጥንቸሏ መጀመሪያ የሄደችው ማን ቤት ነው?

ተረት እየተጓዙም እንደሚሰማ ያወቅሁት ልጅ ሳለሁ፣ በአንድ የክረምት ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ ተረት ለእኔ የማታ ነገር ነበር። አክስቴ በለጡ ኩራዟን ምሰሶው ሥር ታስቀምጥና ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሰች ትተርትልናለች፤ ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለውም ማን ይነሳል። በማግሥቱ እኛን ታስደግመናለች፤ አንዲት ቃል ከሳትን አታልፈንም፣ ተረት ማበላሸት እሷ ዘንድ ገንፎ ከማሳረር ይብስ ነበር።

ያኔ ቤታችን ከአሰላ በላይ፣ ጭላሎ ሥር ነው። አጠገባችን ያለው ፏፏቴ በጋ በጋ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ክረምት ሲሞላ ግን ድምፁ እቤት ድረስ ይመጣል። ሞልቶ ልየው እያልኩ አክስቴን ስነዘንዛት ሰንብቼ፣ አንድ ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ይዛኝ ሄደች። አየሁት፣ ጠገብኩ። ስንመለስ ጉሙ ወረደ።

የእኛን አገር ጉም ላላየ ሰው ምን ብዬ ልንገረው፤ የገዛ እጄ ጠፋኝ። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው፣ በአንድ በኩል አለት፣ በሌላው ገደል። አክስቴ በአንድ እጇ አለቱን፣ በሌላው ዱላዋን ይዛ ፊት ፊቴ ሆነች።

«እየተረትኩ እሄዳለሁ፣ ድምፄን ተከተይ» አለችኝ። «ድምፄ የጠፋሽ እንደሆነ ቁጭ በይ። አንድ እርምጃ እንዳትራመጂ።»

ጥንቸል ድሮ ረጅም ጭራ ነበራት፣ ጦጣ ለሠርግ ብላ ተውሳት በዚያው ቀረች፣ ጥንቸልም ጭራዋን ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ደጋግሜ የሰማሁት ተረት ነው። «መጀመሪያ የሄደችው…» ስትል አክስቴ አለቱን ዞረች መሰለኝ፣ የፏፏቴው ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው።

ቁጭ አልኩ። እግሬ ግን ሂጂ ሂጂ ይለኛል፤ ሁለት እርምጃ ብሄድ የምደርስባት ይመስለኛል። ለመነሳት መሬቱን ተደገፍኩና ተውኩት። ማልቀስ እንኳ ፈራሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ተረቱን ካቆመችበት ጮክ ብዬ ቀጠልኩ። «መጀመሪያ የሄደችው ጅብ ቤት ነው። ጅብ ሆይ፣ ጭራዬን አላየህም? አለችው…»

«ጅብ ቤት አይደለም፣ ጃርት ቤት ነው» የሚል የአክስቴ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ።

ልነሳ ስል «አትነሺ፣ ቀጥይ» አለችኝ። አክስቴ ሲጨንቃት ኦሮምኛ ይቀድማት ነበር፤ ያን ቀን ግን ነይ ለማለት ሁልጊዜ የምትለውን «ኮቱ» አላለችኝም። እኔ ጃርት ቤት፣ ቀጥሎ ቀበሮ ቤት እያልኩ ቃሉን ሳረዝም፣ እጇ ራሴን ነካው። ካቀፈችኝ በኋላ ዱላዋን ከእግሬ ፊት ሰደደችው። መሬት አልነካም።

ስለዚያ ቀን ቤት ውስጥ አላወራችም። ማታ ግን ተረቱን ከመጀመሪያው አስደገመችኝ።

ዛሬ አሰላ ከተማ ነው የምኖረው። የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ይዘው በየክፍሉ ይገባሉ፣ ደጅ ባጃጁ ይጮኻል፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ ለሚሰማም ለማይሰማም እተርታለሁ። ጥንቸሏንም ሁልጊዜ ጅብ ቤት እሰዳታለሁ። እማማ አረጀች ይላሉ፣ ይበሉ። ከጓዳ አንዱ «እማማ፣ ጃርት ቤት እኮ ነው» እስኪለኝ ድረስ ግን ከዚያች ቃል አላልፍም፤ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።