የባትሪው ብርድ ልብስ

አንኮበር ስንኖር ከቤታችን ሰው ሁሉ ይልቅ ደህና ለብሶ የሚያድረው ባትሪው ነበር። ባለቤቴ የገበያ ዕቃ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ሲመሽ ባትሪዋን ፈትቶ ያስገባና በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ግድግዳው ሥር ያስቀምጠዋል። ብርዱ ኃይሉን ይጨርሰዋል ይል ነበር። እኔም አምኜ፣ ልጆቼን ሳለብስ እሱንም እግረ መንገዴን አለብሰው ነበር።

ባትሪው ግን እንዲያ ተይዞም ይደክማል። ደብረ ብርሃን ወስዶ ያስሞላዋል፤ ሳይቆይ ደግሞ ይከዳዋል። ስለዚህ መኪናዋን ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ቁልቁለት አዙሮ፣ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፎ ያቆማት ነበር፤ በመንደርደር እንድትነሣ።

አንድ የክረምት ከሰዓት ትንሹን ልጄን ትንፋሽ አጠረው። የጤና ጣቢያው ሰው ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሱት አለን። በዚያን ጊዜ ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለነበር ሳይመሽ ደብረ ብርሃን መግባት ነበረብን። ባለቤቴ በዚያ ቀን ከቤት ያልወጣውን ባትሪ ሲያወጣ ብርድ ልብሱን ከላዩ ሳብኩና ልጁን ጠቀለልኩበት። አሲድ የበሳውን ወገን ወደ ውጭ አዞርኩት።

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። የምንሄድ አይመስልም፤ ዛፉና አጥሩ ናቸው ቀስ ብለው ወደኛ የሚመጡት። እንቅልፍም ሕልምም ያልሆነ ነገር ያዘኝ፤ የልጄን ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ። በዚያ መሃል ከመሪው ኋላ ቀይዋ መብራት በራች። ምን ማለት እንደሆነ ከባለቤቴ ሰምቻለሁ፤ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ትቷል፣ የፊት መብራቶቹ ያለውን እየበሉት ነው። ካለቀ እዚሁ ጉም ውስጥ እንቀራለን።

በአንዱ ትንፋሽና በሌላው መካከል ቀጭን ፉጨት ሰማሁ። ኩሬ ስንረግጥ ይመጣል፤ ቀይዋም አብራው ትመጣለች።

«ስታፏጭ ነው የሚበራው» አልኩት።

«ማን?»

«መኪናዋ። ዝም ስትል ይጠፋል።»

ጥቂት አዳመጠ። «የልጁን ደረት ታዳምጪያለሽ ስል የሷንም ኖሯል» አለና ቁልቁለት ሲያገኝ ዳር ይዞ አቆመ። እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ ያዝኩት።

«ካጠፋሃት በኋላ ባትነሣስ?»

«ቁልቁለቱ አለልን። እንዲህ ሆና ግን አታደርሰንም።»

አጠፋት። ዝምታው ውስጥ የልጄ ትንፋሽ ጎልቶ ተሰማ። ኮፈኑን ከፍቶ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ሲጫነው እንደ ላላ መቀነት ወደ ውስጥ ገባ፤ ለካ ውሃ ሲነካው እየተንሸራተተ የሚያፏጨው እሱ ኖሯል። ልጁን በአንድ እጄ አቅፌ፣ በሌላው የጎማ መፍቻውን ብረት ይዤ ዲናሞውን ገፋሁለት፤ ቺንጋው ሲወጠር እሱ ቡሎኑን አጠበቀ። ከዚያ ጎማው ሥር ያስደገፈውን ድንጋይ አነሣና ዘሎ ገባ።

ያለ ድምፅ ተንሸራተትን፤ ጉሙ ውስጥ የምንሰምጥ መሰለኝ። ከዚያ መኪናዋ ከሥራችን ተንቀጥቅጣ ተነሣች። ቀይዋ አንዴ ብልጭ አለችና ጠፋች። እስክንደርስ ድረስ ዓይኔን ከቦታዋ አልነቀልኩም።

ልጄ ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። በዚያች ሌሊት ባትሪው ያለ ልብስ ውጭ አደረ፤ ጠዋት መኪናዋ ማንም ሳይገፋት ተነሣች።

ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሱ የልጁ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ግን ብዙ ጊዜ ሲመሽ ባትሪውን ሊፈታ መፍቻውን ይዞ ይወጣል፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ትዝ ይለውና ይቆማል። እኔም ባዶዋን የግድግዳ ሥር አያለሁ፤ ከዚያ ልጄን ደግሜ አለብሰዋለሁ።