ለእናቴ የመጣው ስኳር

ቤይሩት ዳር፣ ሺያህ በምሠራበት ቤት የስኳሩ ቁምሳጥን ይቆለፍ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ እኔ ጋ ነው። የሰጠችኝ ማዳሜ ናት። እናቷ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተይታ፣ አያቴ እንደማለት፣ የሚላቸው አሮጊት፣ ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ጣፋጭ ሲያዩ ግን ሕፃን ነው የሚሆኑት። ሀኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ሲመክራቸው እኔም ቆሜ ሰማሁ። ጤነኛ ሴት እንኳ በቀን የሚጨመርላት ስኳር ከስድስት የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ጥሩ ነው አለ። ፍራፍሬው ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ማለቱ አይደለም፤ ሻይ ላይ የምንጨምረውን፣ ብስኩቱና የታሸገው ጭማቂ ውስጥ የተደበቀውን ነው። «ለሳቸው ግን ጭራሽ ቢቀር ይሻላል፤ ኸላስ፣ በቃ» አለና ቦርሳውን ዘጋ።

ስድስት ማንኪያ! በሆዴ ሳቅሁ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ይህንን በሁለት ብርጭቆ ሻይ ነው የምትጨርሰው። ስኳር ያነሰው ሻይ ከቀረበላት «ምነው፣ ሰው ሰለቸሽ እንዴ?» ትላለች።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ ላይ፣ ቤይሩት ሰልፈኛው ጎማ እያቃጠለ መንገድ ሲዘጋ፣ እህቴ ደወለች። እማዬ ስኳር ተገኝቶባታል፣ ዓይኗም እየደከመ ነው፤ ከጣፋጭ ካልራቀች ዓይኗ እንደሚያሰጋት ሀኪሞቹ ነግረዋታል አለችኝ። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት የኖርኩት አንድ ቀን በር ስከፍት ዓይኗ ሲያርፍብኝ እያሰብኩ ነበር።

«ሻዩን አስጥያታ!» ብዬ ጮህኩባት።

«እንዴት አድርጌ? ሊጠይቃት የሚመጣው ሁሉ ምን ይዞ የሚመጣ ይመስልሻል?»

ያው ስኳር ነዋ! በኛ አገር ታማሚ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ጎረቤቱም የእድሩ ሰውም፣ የቀበሌ ስኳር ተሰልፎ ያገኘው ሳይቀር፣ ስኳር ላመማት ሴት ስኳር አንጠልጥሎ ይገባል። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

እማዬን በየቀኑ እየደወልኩ ጨቀጨቅኳት። «አንቺ ደግሞ ሀኪም ሆነሽ አረፍሽው! ትንሽ ናት የጨመርኳት» ትለኛለች። የሰው እናት ሻይ ላይ ዘብ ቆሜ የገዛ እናቴን ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። እንዴት ያንገበግባል መሰላችሁ! እጄን በስልኩ አሾልኬ ብነጥቃት ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተይታ ዓይኔ ቀልቶ አዩኝና ምን ሆንሽ አሉኝ። በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኳቸው። «ደውዪላት፣ ያላ!» አሉ። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች በስልኩ ብቅ አለች፤ እሷም ሻይ ቀድታ ነበር። መግባቢያ ቋንቋ የለ፤ ሁለቱ ተያይተው ሳቁ። ተይታ ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው «ሱከር፣ ላ!» አሉና በባዶው እየተጨማደዱ ጠጡት። እናቴ ማንኪያዋ ስኳሩ ውስጥ ነበር። የዛቀችውን ቀስ ብላ መልሳ ደፋችው።

«ምነው እማዬ?» አልኳት።

«እኚህ እናት በመራራው ሲጠጡ እያየሁ እኔ እንዴት አድርጌ ልጨምር? ነውር አይደለም እንዴ!»

ወይ ይሉኝታ! የኔ ጭቅጭቅ ያቃተውን እሱ ሠራው። ከዚያ ወዲህ ተይታ ሻያቸው ሲቀርብ «እናትሽስ?» ይላሉ፤ እደውላለሁ፤ መብራት ካልጠፋብን በቀር አብረው ይጠጣሉ። እኔም መሃላቸው ተቀምጬ እያስተረጎምኩ መራራውን ለመድኩት።

2020 ሲገባ ኮሮና መጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ተዘጋ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኩት ቀረ። የዚያን ሰሞን ሆዴ ባብቶ፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ «ሰው ያመጣልሽ ስኳር ምን ደረሰ?» አልኳት። ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ትልቁ ቆርቆሮ ሞልቶ ከጎኑ ሌላ ፌስታል ተቀምጧል።

«ላንቺ ነዋ! ስትመጪ እንደምትወጂው ሦስት ማንኪያ አድርጌ እኔው ራሴ አፈላልሻለሁ። እኔ አልቀምሰውም፤ ስትጠጪ አይሻለሁ እንጂ።»

ጣፋጭ ሻይ አፌ ላይ እምቢ ካለኝ ቆይቷል። እሱን አልነገርኳትም።

«እሺ እማዬ» አልኳት፤ «እርጥበት እንዳይነካው ብቻ ክደኚው።»