የዳምጤ እግርና የኛቴኒ ግራ እጅ

ዳምጤ ልብስ ሰፊ ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለው የኒም ዛፍ ሥር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። መብራት ቢጠፋም የእሱ መኪና አይቆምም፤ የሚያንቀሳቅሰው በእግሩ ነው። ከኋላው፣ ከተሰቀሉት ሱሪዎች መካከል፣ ቡናማ ቤዝ ጊታር ተንጠልጥሏል። አቧራ እንዳይገባበት ከዩኒፎርም ቁራጭ ልብስ ሰፍቶለታል። ኪስ ሳይቀር አውጥቶለታል።

ቤተሰቡ በሰፈራ ከከምባታ ወደ ጋምቤላዋ አቦቦ ሲመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ወላጆቹ በቆሎ ሲዘሩ እሱ መርፌ ያዘ። ጎልማሳ ሲሆን እንደ እኩዮቹ ዲማ ወርቅ ሊቆፍር ወረደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ በእጁ የነበረው ግን ያ ጊታር ብቻ ነው፤ አንድ ወደ አገሩ የሚገባ ቆፋሪ ሸክም በዝቶበት ትቶለት የሄደው። "ዳምጤ አራት ክር ወርቅ ይዞ መጣ" እየተባለ ብዙ ተሳቀበት። ሳቁ ሳያልቅ መምታት ቻለ።

በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ቤዝ መምታት ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ እይዛለሁ፣ መሣሪያዎቹን እወለውላለሁ። ሙዚቃ የሚባለውን አልተማርኩም። ዳምጤ ሲመታ ግን የተቀመጥኩበት አግዳሚ ወንበር ከሥሬ ይነዝራል። መዝሙሩ መጀመሩን የማውቀው በዚያ ነው።

ኛቴኒ ከእኛ ጋር ኪቦርድ መምታት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። ሥራዋ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ማስተርጎም ነው፤ ለቅዳሜና እሁድ ጋምቤላ ትመጣለች። ረጅም፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። ስትመታ ጣቶቿን አታይም፤ በመስኮት ወደ ማንጎው ዛፍ ነው የምታየው። ዳምጤ መጀመሪያ ወዷት ነበር። ለኪቦርዷም እንደ ጊታሩ ልብስ ሰፋለት። ኪስ ግን አላወጣለትም።

ነገር የተነሣው ባለፈው ክረምት ነው። ዳምጤን ወባ ሁለት እሁድ አስተኛው። ኛቴኒ በቀኝ እጇ ዜማውን፣ በግራ እጇ ቤዙን እየመታች አገልግሎቱን አሳለፈችው። በሦስተኛው እሁድ ዳምጤ ከስቶ ሲመጣ የመዘምራኑ መሪ ኳች፣ ሊያጽናናው አስቦ፣ "አይዞህ ጋሽ ዳምጤ፣ ቤዙ አልጎደለብንም" አለው።

ያቺ ቃል ውስጡ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ከልጅቷ ግራ እጅ አልነሣ አለ።

"እሙዬ፣ አየሽ?" ይለኛል ጎንበስ ብሎ፤ ሰው ሁሉ እሙዬ ነው የሚለኝ። "አሁንም ወርዳ ነካችው።"

"ምኑን?"

"የእኔን ቦታ።"

በዚህ መሐል መዘምራኑ ፔዳል ይግዙ የሚል ሐሳብ መጣ። ፔዳል የምለው በእግር የሚረገጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል የብረት ሣጥን ነው። ድምፅ በውስጡ ሲያልፍ ይሰፋል፣ ያስተጋባል። ስቴሪዮ ይሁን ተባለ፤ በግራው ድምፅ ማጉያ ሌላ፣ በቀኙ ሌላ እንዲወጣ። ሁለት መግዛት ስላልተቻለ አንዱ ለቤዙም ለኪቦርዱም እንዲሆን፣ በየመዝሙሩ ተራ እንዲገቡበት ተወሰነ። ምርጫው በዕድሜ ለሚበልጠው ለዳምጤ ተሰጠ።

"ሌላ ፔዳል? የስፌት መኪናው አንሶት ነው?" ብለው ሴቶቹ ቀለዱበት።

ኛቴኒ ግን ኪቦርዷን ለሙከራ ትታልን ወደ ኩሌ ስትሄድ፣ "ጋሽ ዳምጤ ጆሮ አለው። እሱ የመረጠው ለእኔም ጥሩ ነው" አለች።

ሙሐመድኑር ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚሸጥ የቆየ ነጋዴ ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት አስመጥቶ ጠበቀን። ድምፅ ማጉያዎቹን ግራና ቀኝ አቁሞ መሐል ላይ ካርቶን ዘረጋልኝ።

"እናቴ፣ እዚህ ተቀመጪ። ዳኛዋ አንቺ ነሽ።"

መጀመሪያ ነጯን፣ ትንሿን ፔዳል ሞከሩ፤ ቤዙን ዳምጤ፣ ኪቦርዱን ሙሐመድኑር እየመቱ። ቤዙ ሲገባባት ድምፁ በክረምት እንደሞላ ባሮ ሆኖ መጣ። ዳምጤ ዓይኑን ጨፈነ። ኪቦርዱ ሲገባባት ግን እንደሚቀደድ ጨርቅ ተተረተረ።

"የኪቦርድ ጉልበት ይበዛባታል፤ ይቺ ለጊታር የተሠራች ናት" አለ ሙሐመድኑር።

ሁለተኛው ጥቁርና ከባድ ነበር፤ በጎኑ አንዴ ለጊታር አንዴ ለኪቦርድ የሚያደርገው ማብሪያ የመሰለ ነገር አለው። ቤዙ በእሱ ሲያልፍ ያን ያህል አልገነፈለም፤ ወፍራምነቱ ግን ከእርሱ ጋር ነበር። ኪቦርዱ ሲገባ ድምፁ ከግራ ጆሮዬ ተነሥቶ ወደ ቀኙ ሄደ። ሰው ያለፈ መስሎኝ አንገቴን አዞርኩ።

"አየህ፣ ይሄ ሁለቱንም ይይዛል" አለ ሙሐመድኑር።

ከሥሩ ምንም ሳይኖር የዳምጤ ቀኝ እግር ሲሚንቶውን ይረግጥ ነበር።

"ነጯ ትሁን።"

"ኪቦርዱስ?"

"ድምፁን ትቀንሰዋለች።"

ሙሐመድኑር ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ካርቶኑ አየሁ። "ማሸጊያው ካልተቀደደ እስከ ሰኞ ይቀየራል" አለ፤ ያለውም ለዳምጤ ሳይሆን ለእኔ ነው። ፕላስቲኩን አጥፌ፣ ደረሰኟንም ጨምሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ባጃጅ ውስጥ ዳምጤ፣ "ዳኛዋ ምን ትላለች?" አለኝ።

"እኔ ሙዚቃ አላውቅም" አልኩ። ዋሸሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሆነ። ቤዙ በነጯ ፔዳል ሲመታ ሁሉም ተደነቁ። የኛቴኒ ተራ ሲደርስ ድምፁ ተተረተረ። ገመዶቹን ነቅላ እፍ አለችባቸው፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸው፣ ግራውን ከቀኙ ቀያየረች። ያው ነው። ድምፁን ስትቀንሰው ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያ ዓይነት ሹሹታ ብቻ ቀረ።

"ኪቦርዴ ታሟል" አለች። ዳምጤ አጎንብሶ ክሩን ያጠብቃል።

ከፔዳሉ ነቅላ በባዶው ጀመረች። "ሳሳብን እኮ፤ ጨምሪበት" አላት ኳች። እሷም በምን ትጨምር? ግራ እጇን አወረደች። አግዳሚ ወንበሬ ነዘረ፤ የነዘረው ግን ከእሷ በኩል ነው። ዳምጤ ይህን ሲሰማ ፔዳሉን ረገጠ። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና እግሩ አንዴ ረግጦ አልቆመም፤ እንደ ስፌት መኪናው ቶሎ ቶሎ መርገጡን ቀጠለ። ፔዳሉ ይበራል ይጠፋል፤ ድምፁ ይሰፋል ይጠባል።

"ጋሽ ዳምጤ፣ መዝሙር ነው ወይስ ሱሪ የምትሰፋልን?" አለ ኳች። ሳቅ ሆነ። ዳምጤ እግሩን እንደ ሌላ ሰው እግር አይቶ አነሣው።

ኛቴኒ አልሳቀችም። ልብሱን በኪቦርዷ ላይ እያለበሰች ነበር። "እስኪጠገን ድረስ አልመታም። ነገም ጋሽ ዳምጤ ብቻውን ይምታ" አለች።

የፈለገው ይኸው ነበር። ተሰጠው። ፊቱ ግን እንደዚያ የወባው ሰሞን ሆነ።

"አልታመመም" አለ።

"ምኑ?"

"ኪቦርድሽ። ሱቁ ውስጥም እንዲሁ ተተርትሯል። ሰምቼ ነው ያቺን የመረጥኩት።"

እኔም ሰምቼ ነበር፤ አንገቴን ደፋሁ።

"ለምን፣ ጋሽ?"

በአገጩ ወደ ግራ እጇ አመለከተ። እጇን አገላብጣ አየችው።

"ይቺን? ከአንተ ነው የሰረቅሁት። እሁድ እሁድ እያየሁህ።"

"እንግዲያው መልሽልኝ።"

"ስትታመምስ?"

"አልታመምም።"

"እሱን ለወባዋ ንገራት" አለች። ያኔ እሱም ሳቀ፤ ግማሽ ሳቅ።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኑን ከነፕላስቲኩ ይዤ ከዳምጤ ጋር ሄድን። "ዳኛዋ ፈረደች?" አለ ሙሐመድኑር።

"ተከሳሹ አመነ" አለ ዳምጤ።

አሁን ጥቁሩ ፔዳል በሁለቱ መካከል ይቀመጣል። በፈጣን መዝሙር የዳምጤ፣ በዝግተኛው የኛቴኒ ነው። እሷም ከቀኝ እጇ ጎን ግራዋን የምታሳርፈው ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ብቻ ነው፤ ዝቅ ያለውን ትታለታለች። ቅናቱ ለቀቀው ግን አልልም። ገመዱ ወደ እሷ ሲዞር፣ ድምፁ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ሲያልፍና ሰዎች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ የእሱ ዓይን ፔዳሉ ላይ ነው። ቀኝ እግሩም ባዶውን ሲሚንቶ ይረግጣል። ከፊት ወንበር ሆኜ ያንን እግር አየዋለሁ። ከመዝሙሩ አይቀድምም፣ አይዘገይም። ወንበሬም ይነዝራል፤ ከእሱ በኩል።