ቦታ በራሱ አይሰፋም

አባባ ሊጠይቁኝ ከአገር ቤት ካልጋሪ በመጡ በሁለተኛው ሳምንት የሕይወት ታሪካቸውን እየነገሩኝ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ያኔ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሞንተሬይ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤት ውስጥ ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ቀያሽ ነበሩና አነጋገራቸውም እንደ ሪፖርት ነው። እኔ ደግሞ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴን። የሞተችው በሦስት ዓመቴ ነው፣ ፊቷን እንኳ አላስታውስም። ስለሷ የነገሩኝ ግን አንድ ገጽ አልሞላም። ተጋባን፣ ወለደች፣ ታመመች፣ አለቀ። ተቀየምኳቸው፤ ግን አባት ናቸው፣ ምን ይባላል?

ከዚያ የኮምፒውተሩ ጠባይ ተለወጠ። ማታ ስዘጋው ዲስኩ ላይ አርባ ሜጋባይት የነበረው ባዶ ቦታ፣ ጠዋት ሃምሳ ሁለት ይላል። በማግስቱ ሠላሳ ስምንት፣ ቀጥሎ ስልሳ። ባለቤቴ ላይ ጮህኩበት። ታክሲውን ፓርክ አድርጎ በገባ ቁጥር የኮምፒውተሩ ካርታ ጨዋታ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው።

«ሙች አልነካሁትም» አለ። «ደሞ ቦታ ከጨመረ ምን አናደደሽ? ተመስገን አትይም?»

አባባ ካልሲያቸውን እያጠለቁ ይሰሙን ነበር። «ቦታ በራሱ አይሰፋም» አሉ። «የአንዱ ይዞታ ሰፍቶ ካገኘሁት፣ መጀመሪያ የምሄደው ጎረቤቱ ጋ ነው። እስቲ ከማን እንደወሰደ እዪ።»

ሳቅኩባቸው። ቢሆንም ፋይሎቹን አንድ ባንድ ከፈትኳቸው። የእናቴ ገጽ የለም፤ የሰፋው ቦታ የጠፉት ፋይሎች ነበር። ዲስኩ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ለካ እየሞተ ኖሯል። ባለቤቴ የዕለቱን የታክሲ ሥራ ትቶ የተረፈውን ፍሎፒ ዲስክ ላይ ስንገለብጥ ዋልን። ይቅርታ ስጠይቀው «ይመዝገብልኝ» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ። አባባ ሊሄዱ ዘጠኝ ቀን ነው የቀራቸው፤ ከእናቴ የነበረችኝም ያቺው አንድ ገጽ ናት።

«እኔ እያለሁ ምን ያስለቅስሻል?» አሉ አባባ። «ወረቀት አምጪ። ያንን ማሽን ተዪው። በፊትም ያሳጠርኩት ጣትሽ ሲንከራተት አይቼ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ያኔ አንዷን የአማርኛ ፊደል ለማግኘት ሁለት ሦስት ቁልፍ መንካት ነበረብኝ። ከሥራ ደክሜ ገብቼ ስታገል እያዩ አዝነውልኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ልባቸው ደርቆ መስሎኝ ስቀየማቸው ነበር። አፈርኩ።

በእጄ ስጽፍ ወሬው አራት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ፍሎፒው ላይ የተረፈውን አነበብኩላቸው፦ «የመጀመሪያውን ማሳ ከሰው ጋር ሆነን ለካን» ይላል። አስቆሙኝ።

«እሱን አርሚው። ያ ሰው እናትሽ ናት። የሜትሩን ጫፍ የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። እኔ ኮስተር ብዬ ቁጥር ስጠራ ትስቃለች፤ ስትስቅ ሜትሩ ይወዛወዝና እንደገና እንለካለን። ሳቋ ልክ ያንቺ ነው።»

«እንደገና ይበሉት» አልኳቸው።

እንደገና ነገሩኝ።