በሁዳዴ የተፈቀደልኝ ዶሮ

ሐኪሙ ጨው፣ በርበሬ፣ ዘይትና ጥራጥሬ ከልክሎኝ "የዶሮ ፍርምባ ቀቅለህ ብላ" ያለኝ ሁዳዴ በገባ ማግስት ነው። እናቴ ደግሞ የንስሐ አባታችን ሳይፈቅዱ በዚህ ቤት ዶሮ አይገባም አለች። ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ እያዘኑ ፈቀዱልኝ።

ከዚያ ወዲህ የካዛንቺሷ ጠባብ ኩሽናችን ለሁለት ተከፈለች። በአንዱ ምድጃ የእናቴ ሽሮ ይንተከተካል፣ በሌላው የእኔ ፍርምባ ከካሮትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ውሃ ውስጥ ይገላበጣል። የጾም ዕቃዋን እንዳላነካካባት እናቴ ማንኪያዬ ላይ ቀይ ክር አስራለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ እበሳጫለሁ፤ ምግቡ በቃ፣ የታጠበ ካልሲ እንደማኘክ ነው።

አንድ ቀን አባ ከቅዳሴ በኋላ ሊጠይቁኝ መጡ። እናቴ ለእሳቸው ትኩስ እንጀራ በሽሮ፣ ለእኔ ያንኑ ፍርምባዬን አቀረበች። በጾም ሥጋ ይዤ ፊታቸው መቀመጡ አሳፍሮኝ ሳህኔን በክንዴ ጋረድኩት። እሳቸው ግን አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ ቆይተውም አንዷን ቁራጭ ሳኝክ ፊቴን አዩት።

ከዚያ ሽሮውን ጠቅልለው እየጎረሱ፣ "እኔኮ የምንጾመው እኛ መስሎኝ ነበር" አሉ።