በአመድ የተቀበረው ዲስክ

መምህሩ ሃርድ ዲስኩን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት አመድ ተበተነ። እውነተኛ የምድጃ አመድ። ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የኮምፒውተርና የስልክ መጠገኛ ሱቄ ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕ፣ ሽሮ ድስት ውስጥ የወደቀ ስልክ፣ አይጥ የበላው ገመድ አይቻለሁ። አመድ የለበሰ ሃርድ ዲስክ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ኧረ መምህር! ይኼ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«ነቀዝ እንዳይበላው ብዬ ነው» አሉኝ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

አምስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ያኔም ቢሆን ቀልዳቸውን ከቁም ነገራቸው መለየት ከባድ ነበር። ጥያቄ ስለማበዛ «ወይዘሪት ለምን» የሚል ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ክፍሉ በሙሉ ተቀብሎ ዓመቱን ሲጠራኝ ከረመ። ስሙ ያናድደኝ ነበር፤ ጠባዩ ግን አለቀቀኝም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ሥሩን ካላየሁ ምግብ አይበላልኝም።

«ወንበር ይያዙ፤ ከሥሩ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መቅረጫ ይዘው ፃግብጂና ሰሃላን በእግራቸው እየዞሩ የሽማግሌዎችን ተረት በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ሲቀርጹ ኖረዋል። ውጭ ያለው ልጃቸው አንድ ሳጥን ላከላቸው። ሁለት ሃርድ ዲስክ ጎን ለጎን የሚጎርስ፣ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ የቀረጹትን ሁሉ የሚያስቀምጥ ማከማቻ ነው። ጦርነቱ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ ሳጥኑን መሸከም አልቻሉም። ሁለቱን ዲስኮች ብቻ መዘው አወጡ። ሲመለሱ ሳጥኑ የለም።

«ተረቱ ቢጠፋ ሌላ ሽማግሌ ፈልጌ እንደገና እቀርጻለሁ» አሉኝ። «የባለቤቴ ድምፅ ግን ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።»

ባለቤታቸው በስደት ላይ እያሉ ነው ያረፉት። እኔም አውቃቸው ነበር፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሎ ይሰጡን የነበሩ ቀጭን ሴት።

«መልኳ ዓይኔ ላይ ነው» አሉ መምህሩ፣ ጣታቸውን አመዱ ላይ እያመላለሱ። «ድምጿ ነው የጠፋብኝ። አርባ ዓመት የሰማሁት ድምፅ! ስትቆጣኝ እንኳ ምን ትመስል እንደነበር አሁን አይመጣልኝም።»

አንጀቴን በሉት። ሲከፋኝ የምቆጣ ሰው ስለሆንኩ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ሌላ ሱቅ ሄደው ነበር ለካ። እዚያ ያለው ልጅ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኘው፣ ማሽኑ ዲስኩን እንደማያውቀውና ፎርማት መደረግ እንዳለበት ጻፈ። ልጁም «ላድርገው?» አላቸው። መምህሩ ፎርማት ምን እንደሆነ ጠየቁ። «ማጽዳት ነው» አላቸው።

«ባለቤቴ ንጹሕ ሴት ነበረች፣ የሚጸዳ ነገር የላትም ብዬው ተቀብዬ ወጣሁ።»

እሰይ የኔ መምህር! ያን ቀን እሺ ብለው ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። ማሽኑ ልጁን የዋሸው አልነበረም። እንዲህ ያሉት ሳጥኖች በውስጣቸው የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፤ ዲስኩ ላይ የሚጽፉትም በሊኑክስ ወግ ነው። በብዙ ሰው ቤት ያለው ኮምፒውተር ያን ጽሑፍ ማንበብ አይችልም። ማንበብ ያልቻለውን ደግሞ ባዶ ነው ይላል፣ እንደ አንዳንድ ሰው። እኔ ግን ቫይረስ ያንገሸገሸኝ ጊዜ ሊኑክስ የጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ።

አመዱን በጥርስ ብሩሽ አራገፍኩ። ማገናኛው ጥርሶች መካከል የገባውን በመርፌ ጫፍ አወጣሁ። ዲስኩ ትልቁ ዓይነት ስለሆነ የራሱን ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ ሰካሁለትና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዙር ያዘ። አልተንገጫገጨም፣ አላቃሰተም። ዝም ያለ፣ ለስላሳ እሽክርክሪት ነው።

«ምን ይላል?» አሉኝ መምህሩ።

«ጤና ይስጥልኝ ይላል።»

በላፕቶፑ ላይ ዲስኩን ዘርዝርልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ክፍል አሳየኝ፤ ሁለት ትናንሽ፣ አንድ ሰፊ። ትናንሾቹን ሳጥኑ ለራሱ ሥራ የያዛቸው መሆን አለበት፤ የሰው ንብረት ያለው ሰፊው ውስጥ ነው። እሱን ለማንበብ ብቻ ክፈትልኝ ብዬ አዘዝኩ። «ለማንበብ ብቻ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ አንድ ፊደል እንኳ እንዳይጽፍበት። ማሽኑ እንቢ አለ። ይህ ክፍል ብቻውን አይደለም፣ የቡድን አባል ነው አለኝ።

የዚህ ጊዜ ነው ሌላኛው ዲስክ ትዝ ያለኝ።

«መምህር፣ ሁለት ነበሩ አላሉኝም? አንደኛውስ?»

«አበርገሌ ነው። እህቴ ጋ ልኬው ነበር። ቤቷ ሲቃጠል አብሮ ሄደ።»

«ለምን ለያዩአቸው?» ወንበሩን ገፍቼ ተነሳሁ። «እንዲህ ያለ ነገር ይለያያል እንዴ? ሁለቱንስ አንድ ላይ ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት?»

አስተማሪዬን ነው እንዲህ የተቆጣሁት። እሳቸው ግን አልተቀየሙም። «ወይዘሪት ለምን» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «አንቺ ዘር አስቀምጠሽ አታውቂም። አባቴ ክፉ ቀን ሲሸተው ዘሩን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ግማሹን ከምድጃው አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ፣ በአመድ ይቀብረዋል። ግማሹን ሌላ አገር ላለ ዘመድ ይልካል። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይበቅላል። እኔም ያንኑ ነው ያደረግኩት። ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ዋሽቼ ማባበል አልችልበትም፤ እንዳለ ነገርኳቸው።

«እነዚህ ሳጥኖች በሁለት መንገድ ነው የሚያስቀምጡት» አልኩ። «አንደኛው፣ የሰጧቸውን ሁሉ በሁለቱም ጎታ እኩል ይሞሉታል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሙሉ ነው። ሁለተኛው ግን እያንዳንዷን ፍሬ ለሁለት ሰንጥቀው ግማሿን እዚህ፣ ግማሿን እዚያ ይጥላሉ። እንደዚያ ከሆነ አንዱ ጎታ ብቻውን ክክ ነው። ክክ ደግሞ አይበቅልም።»

መምህሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እንግዲያ እኔ ራሴ ነኝ ያጠፋኋት?»

«ገና አላየነውም» አልኩ። አፌን በቆረጠው እያልኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዲስኩ በየትኛው መንገድ እንደተሞላ የሚናገር ጽሑፍ ራሱ ላይ አለ፤ እሱን አውጣልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው ጽሑፉ ወረደ። አባላት፦ ሁለት። የጠፋ፦ አንድ። ዓይነቱን የሚገልጸው መስመር ላይ ጣቴን አድርጌ ቀስ ብዬ አነበብኩት።

ሙሉ ጎታ ነው! ሁለቱም እኩል የተሞሉ!

«መምህር! አባትዎ ልክ ነበሩ!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታው መብራት ጠፋ። በእኔ ምት አይደለም፤ የሰቆጣ መብራት መሄድ ሲያሰኘው ይሄዳል። ዲስኩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ።

ውጭ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። ስንት ነገር ጠየቅኳቸው! ባለቤታቸው ፃግብጂ ተወልደው ያደጉ፣ ተረት አዋቂ ነበሩ። ግን መቅረጫ ሲያዩ ያፍራሉ። አንድ ቀን ብቻ፣ ምሳ እየሠሩ፣ የቆቅና የድንጋይን ተረት እንዲቀርጹ ፈቀዱ። እኔ ኽምጣንጋ ብዙም አልሰማም። እናቴ ከጎረቤት ጋር በኽምጣንጋ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የምታወራው፤ ትምህርት ቤት እንዳይከብደኝ ብላ። ለሁሉ ነገር ለምን የምለው እኔ ይህን አንድ ነገር ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

መብራቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ጓደኛህ የለም፣ ብቻህን ተነስ ብዬ ዲስኩን አዘዝኩት፤ ተነሳ። ከውስጡ ደግሞ ሌላ መጠቅለያ ነበረው። እሱን ፈታሁ። አሁንም ለማንበብ ብቻ ክፈት ብዬ ጻፍኩ። ማሽኑ ምንም አልመለሰም። በሊኑክስ ዝምታ እሺ ማለት ነው።

«ፃግብጂ» የሚል ማህደር መጣ። «ሰሃላ» የሚል መጣ። ከሁሉ በታች «ቤት» የሚል ነበር፤ በውስጡም አንድ የድምፅ ፋይል።

«እሱ ነው! ክፈችው!»

«አይከፈትም። መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ይገልበጥ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ አልነበር ክፍል ውስጥ?»

«ያንን ያስተማርኩሽ ለሒሳብ ነው!»

ተገለበጠ። ዲስኩ ላይም ላፕቶፑ ላይም እኩል መሆኑን አየሁና አጫወትኩት።

መጀመሪያ የሰማነው እሳት ሲንጣጣ ነው። ቀጥሎ የሴት ሳል። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጫፉ ላይ ሳቅ ያለበት። መምህሩ አላለቀሱም። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው በየአረፍተ ነገሩ ሹክ እያሉ ይተረጉሙልኝ ጀመር። ቆቅ ውሃ ልትጠጣ ስትሄድ ድንጋይን «እንቁላሎቼን ጠብቅልኝ» አለችው። ዝናብ መጣ። ቀበሮ መጣ። ጎርፍ መጣ። ቆቅ እየሮጠች ተመለሰችና «እንቁላሎቼስ?» አለችው።

እዚህ ላይ የሚወድቅ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ጩኸት። ተረቱ ቆመ። ሴትየዋ ፈጠን ፈጠን ብለው በቁጣ አንድ ነገር ተናገሩ። ትርጉም ጠብቄ ወደ መምህሩ ዞርኩ።

መምህሩ ተነስተው ቆመዋል። ኮፍያቸው ወለል ላይ ወድቋል። ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራምደው በኽምጣንጋ መልስ ሰጡ። ያቺን ቃል እንኳ እኔም አውቃታለሁ፤ እናቴ ጎረቤት ሲጠራት የምትላት ናት። «መጣሁ!»

ቀረጻው አለቀ።

 «ወጡ ሊያርርብኝ ነው፣ ያን ነገር ዝጋና ና ብላ ነው ያለችኝ» አሉ መምህሩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ስትቆጣኝ እንዲህ ነበረች።»

አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። እሳቸው አይደሉም ያለቀሱት፣ እኔ ነኝ። አፍንጫዬን ጠርጌ ስጨርስ ግን ጠባዬ አለቀቀኝም።

«ከዚያስ? እንቁላሎቹስ?»

መምህሩ ሳቁ። «ወጡን ካዳነች በኋላ አልቀጠለችም፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተረትኩትም። የእሷ ነው ብዬ።» ስልኬን መቅረጫ ላይ አድርጌ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ኮፍያቸውን ከወለሉ አነሱ። ከዚያ በኽምጣንጋ ጀምረው ጨረሱት፤ ለእኔም በአማርኛ መለሱልኝ። ድንጋዩ ቆቅን «ዓይን የለኝም፣ አላየሁም። እጅ የለኝም፣ አልተከላከልኩም። ግን ከቦታዬ አልተነሳሁም» አላት። ከሥሩ ብታይ እንቁላሎቹ እንዳሉ ናቸው።

ሁሉንም በሌላ ዲስክ ገለበጥኩና ሁለቱን አስረከብኳቸው። አዲሱን ኪሳቸው ከተቱ። አሮጌውን መልሰው እጄ ላይ አደረጉት።

«ይኼ አንቺ ቤት ይቀመጥ። የእኔ እህት ቤቷ ተቃጥሏል።»

ማታ እንዲያው ጠረጴዛ ላይ ልተወው አልቻልኩም። በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልዬ የእናቴ ማሽላ ጎታ ውስጥ ልከት ስል እሷው ያዘችኝ። አመድ ግን አላደረግኩበትም።

«ምንድን ነው እሱ? ማሽላዬን ልታበላሺ ነው?»

ከመንገር ማሰማት ይቀላል ብዬ ወደ ስልኬ የገለበጥኩትን ቀረጻ አጫወትኩላት። ጎታው ላይ ተደግፋ ሰማች። ወጡ ጋ ሲደርስ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። የመምህሩ ድምፅ ቀጥሎ ተረቱን ሲጨርስ ግን ፊቷ ተኮሳተረ።

«ኧረ እንዲያ አይደለም የሚያልቀው» አለችኝ።

ስልኩን አንስቼ መቅረጫውን ከፈትኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«በኽምጣንጋ ንገሪኝ» አልኳት።