ወደ ውስጥ የምትባለው አዎ

ልጄ የተማረችው የድንጋይ ትምህርት ነው። ጂኦሎጂ ይሉታል። ስትመረቅ ጎረቤቶቼ «ምን ሆና ወጣች?» ሲሉኝ «ድንጋይ አዋቂ» እል ነበር፤ ከዚያ በላይ ለማብራራት እውቀቱ የለኝም። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ይህችው ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከእሷው ደብተር ላይ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቴም እስከ ዛሬ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ይመስላል።

ዲቪ ደርሷት ዳላስ ስትመጣ ስለ ድንጋይ የሚጠይቃት አልተገኘም። ኤርፖርት ገብታ መንገደኛ በዊልቸር ትገፋ ጀመር። ስድስት ዓመት ገፋች። እኔ የልጅ ልጄን ላሳድግላቸው ዳላስ አጠገብ ሳክሲ የምትባል ከተማ ካለው ቤታቸው ስገባ፣ ከሥራ መጥታ የምታወራኝ ስለ ሰዎቹ ነበር። ከአንዱ በር ወደ ሌላው እስክታደርሳቸው አንዷ ስለ ጉልበቷ፣ ሌላው ስለ ልቡ ቀዶ ጥገና ይነግሯታል። «እማዬ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሕመሙን ለእኔ ይናገራል» ትለኛለች።

ኋላ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ፣ ማስተርስ አስተምሮ ነርስ የሚያደርግ ትምህርት ቤት እንዳለ ሰማች። አመለከተች፤ ተቀበሏት፤ የኤርፖርቱን ሥራ ለቀቀች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አብረዋት ከሚማሩት አንዷ የሙዚቃ አስተማሪ ነበረች፣ አንዱ ደግሞ የቤት ደላላ። ባሏ «አሁን እንግዲህ ድንጋዩ ሁሉ የልብ ምት ሊኖረው ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዚያ ትምህርት ውስጥ ቼክኦፍ የሚሉት ፈተና አለ። ታማሚ መስላ እንድትተውን የተቀጠረች ሴት አልጋ ላይ ትቀመጣለች። ተማሪው ገብቶ ይጠይቃታል፣ ይመረምራታል፤ አስተማሪዋ ጥግ ይዛ ትጽፋለች። ሁለቴ የወደቀ ከትምህርቱ ይወጣል። ልጄ የመጀመሪያውን ወደቀች።

የዚያን ቀን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የቱን ረሳሽ?» አልኳት።

«ምንም አልረሳሁም። ሳንባ ሰማሁ፣ ልብ ሰማሁ፣ ሆድ ዳሰስኩ። ታማሚዋን አስደንግጠሻል ነው የሚሉኝ።»

«በምን?»

«ስትነግርሽ ትደነግጪያለሽ አለችኝ አስተማሪዋ። እኔ ደግሞ አልደነገጥኩም፣ እማዬ። አዎ፣ አዎ ነው ያልኳት።»

እኔም ግራ ገባኝ። ልጄ ደንጋጣ አይደለችም። አንዴ ቤታችን እባብ ገብቶ ወንዶቹ ወንበር ላይ ሲወጡ እሷ ናት መጥረጊያ ያነሳችው፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

ለሁለተኛው ፈተና ሁለት ሳምንት ሰጧት። እኔ ሶፋው ላይ እየተጋደምኩ ታማሚ ሆንኩላት። «ዛሬ ምን አመጣዎት?» ስትለኝ፣ ልጄ አንቱ አለችኝ ብዬ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ግን ሕመም መፍጠር ለመደብኝ።

«ደረቴን ይወጋኛል» አልኳት አንድ ቀን፤ «ሦስት ቀኔ ነው፤ ደረጃ ስወጣ ይብስብኛል።»

ልጄም አዎ አለችኝ፤ እንደኛ አገር ወግ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ።

ባሏ ግሬፕቫይን ከተማ ካለ ሆቴል እንግዶችን ወደ ኤርፖርት በቫን የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ገና ከሥራ መግባቱ ነበር፤ በር ላይ አንድ ጫማውን አውልቆ፣ አንዱን እንዳጠለቀ ቆሞ ቀረ።

«አገኘሁት» አለ።

«ጫማህን?» አለችው።

«ፈተናው ላይ የጣለሽን። አሁን ያልሽውን በይው እስቲ።»

«ምን አልኩ? አዎ አልኩ።»

«ወደ ውስጥ ነዋ ያልሽው። አንዴ አንድ ሰውዬ ጎኔ ተቀምጦ 'በሰዓቱ እንደርሳለን?' ሲለኝ ልክ እንዲህ አልኩት። ሰውዬው ዳሽቦርዱን በሁለት እጁ ያዘ። ፍሬን የተበጠሰ መስሎታል። ኦኬ፣ ኦኬ ነው ብለውም አላመነኝም፤ ኤርፖርት እስክንደርስ ቀበቶውን ሲነካካ ነበር።»

ያን ጊዜ ሁሉም ተገለጠልን። የዚህ አገር ሰው ትንፋሹን እንዲህ የሚስበው መርዶ ሲሰማ ወይም መኪና ሊገጨው ሲል ነው። ያቺ ሴት «ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ» ስትል ልጄ አዎ ብላታለች፤ እንደኛ ቢሆን «እሰማሻለሁ፣ ቀጥይ» ማለት ነበር። ለሴትየዋ ግን ነርሷ የሞቷን ወሬ እንደሰማች ሆኖባታል።

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስገፋ ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለች ልጄ።

«ከኋላቸው ነበርሻ» አላት ባሏ። «በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማሻል?»

ማወቁ አንድ ነገር ነው፣ መተዉ ሌላ። ተጠንቀቂ ባልኳት ቁጥር ባሰባት። «እሺ እማዬ» ትልና ወዲያው ትንፋሿን ትስባለች። እኔ ራሴ ስታማርር ስሰማት በየመሐሉ እንደዚያው ነኝ። ከማን ተማረችው? ከእኔ ነው። እኔም ከእናቴ።

እንደ እውነቱ አዝኜ ነበር። በእኛ ዘንድ የሚያወራ ሰው ትንፋሽ የሚያቀብለው ይፈልጋል፤ አለዚያ ለግድግዳ ያወራ ይመስለዋል። ያንን ከልጄ አፍ ነጥቄ የማስጥላት እኔ ልሁን? ባሏ ፊቴን አይቶ ነው መሰል፣ «አይዘኑ እማማ» አለኝ። «የምትተወው እዚያ ብቻ ነው። ቤት ስትገባ ጫማዋን አውልቃ አዎዋን ታጠልቃለች።»

መላው የመጣልኝ ከበርበሬ ነው። አገር ቤት በርበሬ ስንወቅጥ አፍና አፍንጫችንን በነጠላ እናስር ነበር፤ አፏን የከፈተች በማስነጠስ ቀኑን ትጨርሳለች። ወሬ ደግሞ አይቀርም። አንዷ ፈቀቅ ብላ ታወራለች፣ ሌሎቻችን አፋችንን እንደታሰርን በዓይን እንሰማታለን። አንድ ቀን ባሏ ጥሏት የሄደች ሴት ታሪኳን ስታወራ፣ ማንም ትንፍሽ ሳይል፣ እስከ መጨረሻው አወራችው። ሌላ ጊዜ ግማሽ ላይ ነበር የምታቆመው።

ለልጄ በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። «ጥያቄሽን ጠይቂና ተጎንጪ። አትዋጪው። እኔ እስክጨርስ በዓይንሽ ስሚኝ።»

የመጀመሪያ ቀን ስለ ሆድ ድርቀቴ ስነግራት ሳቋ ቀድሟት ውሃው የልብ ማዳመጫዋ ላይ ተረጨ። ባሏ «ታማሚ እያጠመቅሽ ነው እንዴ?» አላት። በአራተኛው ቀን መሳቅ ተወች። በሳምንቱ ውሃ ሳትይዝም አፏ ዝግ ሆነ። ራሷን ዘንበል ታደርጋለች፣ ዓይኗን አትነቅልም፣ ሌላው እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

የፈተናው ቀን ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሸኝቻት ምስር ጣድኩ፤ አረረ፤ ደግሜ ጣድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ የመኪናዋን ድምፅ ሰማሁ። ፓርክ አድርጋ ቶሎ ስላልወረደች እኔው ወጣሁ። የመኪናውን በር ከፍታ መሪውን እንደያዘች ተቀምጣለች።

«ዛሬ ታማሚ ሆኖ የመጣው አዛውንት ሰውዬ ነበር» አለችኝ። «የደም ግፊት ክኒኔን ትቼዋለሁ አለኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኩና ዝም አልኩ። በጣም ረዥም ዝም። አሁንስ ወደቅኩ ብዬ ነበር። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ እማዬ? 'ታስታውሰኝ የነበረችው ሚስቴ ናት፤ ሞተች' አለኝ። ከእኔ በፊት የገቡት ልጆች ይህን አልሰሙም። ጠይቆ ለጠበቀው ብቻ እንዲናገር ነው የተነገረው።»

«እና?»

«አለፍኩ።»

እዚያው ቆመን ለባሏ ደወለች። «ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ነርስ ልበልሽ?» ይላል በስልኩ።

«ገና ነው። ገና ከአንድ ዓመት በላይ ይቀረኛል።»

«እሺ፣ ገና-ነርስ።»

ምሳ በልታ፣ ልብሷን ቀይራ አጠገቤ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ደብተር አልያዘችም።

«እማዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ዝም አለች። የጎረቤት ውሃ ማጠጫ ሣሩ ላይ ሲዞር በመስኮት አየሁ። አሁን ትነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሳችም። ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው።

«እግሬ» አልኩ በመጨረሻ። «የግራ እግሬ ጣቶች ከገና ወዲህ አይሰሙኝም።»

ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። ልጅ አለባት፣ ትምህርት አለባት፣ በዚያ ላይ የእኔ እግር ምን ይጨመራል ብዬ ነው። አልደነገጠችም። አልተቆጣችኝምም። ዱካ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ካልሲዬን አወለቀች፤ ጥጥ አምጥታ ዓይኔን አስጨፈነችኝና ጣት በጣት ትነካኝ ጀመር።

«ይሄ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«ይሄስ?»

«ነካሽኝ እንዴ?»

ስልኳን አነሳች። ከክሊኒኩ ጋር በእንግሊዝኛ ስታወራ አንድ እጇ እግሬን እንደያዘ ነበር፤ ቀጠሮዬን ሰኞ ጠዋት አስያዘችልኝ።